የሰናይት ሰፍነግና የጋሽ ቱፋ ብልቃጥ

ጠዋት፣ የካ ሚካኤል

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ከቤቴ ስወጣ የየካ ሚካኤል ቅዳሴ ገና አላለቀም ነበር። ትከሻዬ ላይ ባንጠለጠልኩት ቦርሳ ውስጥ ትንሽ ማይክሮስኮፕ፣ የስላይድ ሳጥን፣ አንድ ጠርሙስ በረኪና፣ ትንሽ አልኮልና በጨርቅ የጠቀለልኩት ምላጭ አለ። ሰው እንጦጦ የሚወጣው ለጸበል ነው፣ ለሩጫ ነው፣ ወይም ነፋስ ለመቀበል ነው። እኔ የምወጣው የባሕር እንስሳ ለማየት ነበር። ከዚህም በስተጀርባ፣ ለማንም ያልነገርኩት ሌላ ምክንያት ነበረኝ፤ የጓደኛዬን ሥራ ለማፍረስ።

ነገሩን ከሥሩ ልናገር። የምሠራው አንድ ኮሌጅ ውስጥ ባለ የእንስሳት ጥናት ላቦራቶሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ስላይድ፣ ማለትም ናሙና በማይክሮስኮፕ የሚታይበትን ስስ መስታወት፣ ሳዘጋጅ ኖሬያለሁ። ሰናይት ወደ ላቦራቶሪያችን ስትመጣ የማይክሮስኮፕ መስታወት በምን እንደሚወለወል ያሳየኋት እኔ ነኝ። ዛሬ እሷ ዶክተር ሰናይት ናት። እኔ አልማዝ ነኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ሁለታችንም ለሥራ ጅቡቲ ሄደን ነበር። መዋኘት አልችልም፤ ባሕሩ ሲሸሽ እስከ ጉልበቴ ገብቼ እዞር ነበር። ኮራል ጥቃቅን እንስሳት እየተደራረቡ የሚሠሩት ድንጋይ ነው፤ በአንድ የሞተ ኮራል ላይ ብርቱካንማ ቀይ ነገር ተለጥፎ አየሁ። ውፍረቱ ከወረቀት አይበልጥም። “ሰናይት፣ እስቲ ነይ፣ ይሄ ቀለም ነው እንዴ?” አልኳት። መጥታ ጎንበስ ብላ አየችው፤ ቆርሳ ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው። እኔ ጫማዬን ፍለጋ ሄድኩ።

ያ ቀለም የመሰለኝ ነገር ሰፍነግ ነበር። ሰፍነግ ዓይን የለው፣ አፍ የለው፤ ውሃ በቀዳዳው እያሳለፈ የሚኖር እንስሳ ነው። የሰናይት ደግሞ በድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት የሚነጠፍ ዓይነት ነው። ሰናይት ሁለት ዓመት ደከመችበት፤ ማንም ያልመዘገበው ዝርያ ነው ብላ ጽፋ ለአንድ መጽሔት ላከች። መጽሔቱ ሁለት ጥያቄ መለሰላት። አንደኛ፣ ቀይ ባሕር ውስጥ ይህን የሚመስል የታወቀ ሰፍነግ አለ፤ ያው እሱ አለመሆኑን በምን አወቅሽ? ሁለተኛ፣ ከአንድ ቦታ በተቆረሰ አንድ ቁራሽ ብቻ አዲስ ዝርያ ማለት ያስቸግራል፤ ሌላ ናሙና ይኖራል? ሁለተኛው ካልተመለሰ ጽሑፉ አይወጣም።

ሰናይት ስታፈላልግ የጋሽ ቱፋን ስም ሰማች። ጋሽ ቱፋ በወጣትነታቸው ምጽዋ የዓሣ ጥናት ጣቢያ ውስጥ ጠላቂ የነበሩ፣ ጡረታ ወጥተው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አካባቢ የሚኖሩ ሰው ናቸው። የዚያ የታወቀው ሰፍነግ አሮጌ ናሙና እቤታቸው አለ ተባለ።

“ቅዳሜ ፈተና እፈትናለሁ” አለችኝ ሰናይት። “አንቺ ሂጂልኝ፣ አልሚ። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ።”

እሺ ስል ፊቴ እንዳያስታውቅብኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። የጋሽ ቱፋ ናሙና ከሰናይት ሰፍነግ ጋር አንድ ሆኖ ቢገኝ አዲስ ዝርያ የሚባል ነገር የለም። ሌሊቱን ሙሉ ይህንኑ ስመኝ ነው ያደርኩት።

ረፋድ፣ ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ

በቀበና አድርጌ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ሽሮ ሜዳ ደረስኩ። ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣው ታክሲ ሰው እስኪሞላ ቆምን። አጠገቤ ነጠላቸውን ያጣፉ፣ የጸበል ጀሪካን የያዙ እናት ተቀመጡ። ታክሲው ዳገቱን ሲጀምር ቦርሳዬ ጭናቸው ላይ ዘመመ።

“በረኪና በረኪና ይሸታል። ልብስ ልታጥቢ ነው?” አሉኝ።

“አይደለም እማማ። ስፖንጅ ላይበት ነው።”

“የፍራሹን?”

“የባሕሩን። እንስሳ ነው።”

ጥቂት አሰቡና “ሰፍነግ አትይኝም! በስቅለት ዕለት የሚነበበው፤ ሆምጣጤ ሞልተው ለጌታ ያቀረቡለት” አሉኝ። “እሱ እንስሳ ነው? እኔ እኮ ጨርቅ ነገር ይመስለኝ ነበር።”

“እንስሳ ነው።”

“አገኘሽው እንዴ?”

“ጓደኛዬ ናት ያገኘችው” አልኩ። እኔ ጣቴን ባልቀስር ኖሮ በአጠገቡ አልፋ ትሄድ አልነበር? ጽሑፉን ስታሳየኝ መጀመሪያ የፈለግኩት የራሴን ስም ነው። መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ምስጋና ከሚለው ሥር፣ “ስላይድ በማዘጋጀት” ተብሎ አንድ መስመር ሰፍሯል። ስላይድ በማዘጋጀት! የመስመሩን ርዝመት በጣቴ ለክቼው ነበር፤ ባፍርበትም እውነቱ ይህ ነው።

እንጦጦ ማርያም ስንደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖት ነበር። ጆሮዬ በብርድ ደነዘዘ። ረዣዥም ካልሲ ያጠለቁ ሯጮች በረድፍ ከጉሙ ወጥተው፣ ትንፋሻቸውን እያሰሙ አልፈውኝ መልሰው ጉም ውስጥ ገቡ። በመንገዱ ዳር አንዲት ሴት ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ ትሸጣለች። በሃያ ብር አራት ገዝቼ፣ ሁለቱን እየበላሁ ሁለቱን ኪሴ ውስጥ ለእጄ ማሞቂያ አድርጌ፣ በባሕር ዛፉ መካከል ወደ ኪዳነ ምሕረት ቁልቁል ያዝኩ። ቀዩ መሬት ያንሸራትታል፤ ሁለት ጊዜ ግንድ አቅፌ ተረፍኩ።

ከታች አንዲት ሱቅ አገኘሁ። ባለሱቁ ከስልጤ የመጣ ጎልማሳ ነው፤ የጋሽ ቱፋን ቤት ጠየቅኩት።

“ባሕረኛውን? ያን ሰማያዊ ቆርቆሮ አየሽ? እሱን አልፈሽ ሁለተኛው በር” አለኝ። ቀጥሎም፣ “ስለ ባሕር ካነሳሽባቸው ግን ምሳሽን እዚያ ነው የምትበዪው” ብሎ ሳቀ።

አምስት ሰዓት፣ ጋሽ ቱፋ ቤት

በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ ደስታ ናቸው። ጋሽ ቱፋ ወፍራም ካፖርት ለብሰው፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ተቀምጠዋል። “አካም ጅርቱ” ብዬ በማውቃት ጥቂት ኦሮምኛ ሰላም ስላቸው ደስ ብሏቸው ረጅም ምርቃት አወረዱልኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የመጣሁበትን ስነግራቸው ግን ፊታቸው ጠነከረ። አልጋቸው ሥር ያለውን ሳጥን ራሳቸው ጎትተው አወጡት።

ሳጥኑ ውስጥ አሥራ ሁለት ብልቃጥ ነበር። አሥራ አንዱ ደርቋል። በውስጣቸው ያለው ቅርፊት ከኮራሉ ተላቆ፣ ተፈርፍሮ፣ የቱ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። አንዱ ብቻ እስከ አንገቱ ፈሳሽ ሞልቶታል።

“ይሄ እንዴት ተረፈ?” አልኳቸው።

“እሷን ጠይቂያት” አሉ ወደ ሚስታቸው እያዩ።

“አልኮሉ ሲጎድል አረቄ እጨምርበታለሁ” አሉ እትዬ ደስታ። “ከፊት የነበረው እሱ ነው፤ ሌሎቹ ከኋላ ስለነበሩ አላየኋቸውም። ደግሞ ሲወጣ መጀመሪያ የሚመጣውን ጠንካራውን፣ ፀሐይ የሚባለውን ነው የማደርግለት። ውሃ ውሃ የሚለውን አላደረግኩበትም።”

ክዳኑን ስከፍት የአረቄ ሽታ ክፍሉን ሞላው። በውስጡ መዳፍ የምታክል የኮራል ቁራሽ አለች። ከላይዋ በቡናማ ቅርፊት ተሸፍናለች፤ ቀለሙ አልኮል ውስጥ ሲቆይ ይለቃል። ወረቀቱ ላይ በቆንጆ የእጅ ጽሕፈት የታወቀው ሰፍነግ ስም ሰፍሯል። ከላይኛው ቅርፊት የጥፍር ጫፍ የምታህል ቆርሼ በረኪና ውስጥ ጨመርኳት።

ሰፍነግ በመልኩ አይለይም። ሥጋው ውስጥ በዓይን የማይታዩ የመስታወት መርፌዎች አሉት፤ የዝርያው ማንነት ያለው እነሱ ላይ ነው። በረኪናው ሥጋውን ያቀልጠውና መርፌዎቹ ብቻ ይቀራሉ። እነሱን ደጋግሞ በውሃ ማጠብ፣ ከዚያ ስላይድ ላይ ማድረቅ ነው። የሰናይትን ሰፍነግ መርፌዎች በቃሌ አውቃቸዋለሁ፤ ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኛ። ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ለስላሳና ረጅም፣ እንደ ቀስት የጎበጠ፣ እና አጭር ባለ እሾህ። አጭሩ ጫፍና ጫፉ ላይ እሾህ አለው፤ መሀሉ ግን መላጣ ነው። በታወቀው ሰፍነግ አጭሩ መርፌ ከዳር እስከ ዳር እሾህ ነው ተብሎ ተጽፏል። የማየው ይህችን አንዲት ነገር ነበር።

በረኪናው እስኪሠራ ጋሽ ቱፋ ያወጉኝ ጀመር። ኮራሏን ያወጧት እሳቸው ናቸው፤ ከምጽዋ ማዶ ካሉት ደሴቶች፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ጠልቀው። አንድ የውጭ አገር ሊቅ መጥቶ የላይኛውን ቅርፊት መረመረና ስሙን ነገራቸው።

“እኔ ግን የታችኛው ሌላ ነው አልኩት” አሉ። “የላይኛው ይሻክራል፣ የታችኛው ይለሰልሳል። ቀለሙም ወደ ብርቱካን ያደላ ነበር። ‘ያው ነው’ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳን ገልብጦ አላየውም። ሊቁ እሱ፣ ጠላቂው እኔ። አገሩ ገብቶ መጽሐፍ አወጣ፤ ያወጣሁለት ሁሉ በሱ ስም። ቀናሁ እንጂ፣ ሰው አይደለሁም? መሥሪያ ቤቱ ሲዘጋ ዕቃው ሁሉ ሊጣል ሆነ፤ ሳጥኑን ለምኜ ወሰድኩና አልጋ ሥር ከተትኩት። በእልህ ሃያ ዓመት አልከፈትኩትም። የታወቀውም ያልታወቀውም እንዲደርቅ ተውኩት። ይኸው፣ ደረቀ።” በጣታቸው ከደረቁት ብልቃጦች አንዱን ነካ አደረጉት፤ ፍርፋሪው ተንከሻከሸ።

አዝኜላቸው ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል። ሐሳቤ ሁሉ በረኪናው ላይ ነበር።

መጀመሪያ ያየሁት የላይኛውን ነው። አጭሩ መርፌ ከዳር እስከ ዳር እሾህ ሆኖ አገኘሁት። የታወቀው ሰፍነግ ነው፤ የሰናይት አይደለም። ስላይዱን ሦስት ጊዜ አዟዟርኩ፤ አንድ መሀሉ መላጣ የሆነ ባገኝ ብዬ ከመቶ በላይ መርፌ አየሁ። አንድም የለም። የመጀመሪያው ጥያቄ ለሰናይት ተመለሰላት።

“የታችኛውንስ?” አሉ ጋሽ ቱፋ።

ኮራሏን ገለበጥኳት። ከሥርዋ፣ ጥላ በሚበዛበት በኩል፣ ከላይኛው የሳሳ ሌላ ቅርፊት አለ። ከሱም ቆረስኩ። በረኪና፣ ውሃ፣ አልኮል። እትዬ ደስታ ሽሮና ጎመን አቅርበው በላን፤ ኪሴ ውስጥ የቀሩትን ሁለት ድንቾች አብሬ አወጣሁ። ከዚያ ዓይኔን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅኜ ብርሃኑን አስተካከልኩ።

መሀሉ መላጣ ነው። የመጀመሪያው መላጣ፣ ሁለተኛውም፣ አሥረኛውም። ቀስቶቹ ያው፣ ረጃጅሞቹም ያው። የሰናይት ሰፍነግ ነው፤ ከሌላ ባሕር ዳርቻ፣ እሷ ሳትወለድ የወጣ። ጽሑፏ የጎደለው ሁለተኛ ናሙና ይኸው እጄ ላይ ነበር።

አንገቴን ሳላቀና ብዙ ቆየሁ።

“እህ፣ ምን አገኘሽ?” አሉኝ ጋሽ ቱፋ። ወንበራቸውን አስጠግተው ነበር።

“ምንም” አልኳቸው። “ተበላሽቷል ጋሼ። አረቄው በልቶታል።”

መስታወት አረቄ አይበላውም። እሳቸው ይህን ሳያውቁት አይቀሩም። ወንበራቸውን ወደ መስኮቱ መልሰው፣ እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱ። እትዬ ደስታ ግን ቆመው፣ “ለካ እኔ ነኝ ያበላሸሁት” አሉ።

ዕቃዬን ሰብስቤ፣ ስላይዱን ሳጥኔ ውስጥ ቆልፌ ወጣሁ።

ዘጠኝ ሰዓት፣ ኪዳነ ምሕረት

የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ስደርስ ቆምኩ። ጉሙ ተገፎ ከተማው ከታች ወለል ብሎ ይታያል፤ የየካ ሰፈሮች፣ የቆርቆሮው ብልጭታ፣ ክሬኖቹ። አጥሩን ተደግፌ ቁጭ አልኩ። ጸበል የተጠመቁ ሰዎች ልብሳቸውን እየጨመቁ ያልፋሉ።

ሰናይትን ስለመጉዳቴ አልነበረም የጨነቀኝ፤ እሱንማ ፈልጌው ነው የመጣሁት። የጨነቀኝ እትዬ ደስታ ናቸው። ያን ሁሉ ዓመት ብልቃጡን በሕይወት ያቆዩት እሳቸው፤ እኔ ደግሞ አበላሹት አልኳቸው። ጋሽ ቱፋም ትክክል መሆናቸውን ለማወቅ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጠብቀው፣ መልሱ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ገልብጦ ሳያይ “ያው ነው” ካለው ሰውዬ እኔ ባስኩ። እሱ አላየም። እኔ አይቼ ነው።

ደግሞም “መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ” እያልኩ ሦስት ዓመት ስብሰለሰል ኖሬያለሁ። መጀመሪያ ያዩት ጋሽ ቱፋ ናቸው። ለዚያውም ቀለም ነው እንዴ ሳይሉ።

ተነሥቼ ዳገቱን ተመለስኩ። በሩን አሁንም እትዬ ደስታ ከፈቱልኝ።

“ረሳሽው የቀረ ነገር አለ?” አሉኝ።

“ዋሽቻችኋለሁ” አልኳቸው እደጃፉ ላይ እንደቆምኩ። “አልተበላሸም። አረቄዎ ነው ያተረፈው። ጋሼ፣ የታችኛው ሌላ ነው። እርስዎ እንዳሉት ነው።”

ጋሽ ቱፋ ቶሎ አልተነሡም። “ለምን ዋሸሽኝ?” አሉኝ።

“ጓደኛዬ ያገኘችው እሱን ነው። ቀንቼ ነው።”

አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝም። “እስቲ አሳዪኝ” ብቻ አሉ። መነጽራቸውን አውልቀው ጎንበስ አሉ። የግራ ዓይናቸው ስለደከመ በቀኙ ነው የሚያዩት። ብርሃኑን እያንቀሳቀስኩ፣ “አጭሯን ይዩ፣ መሀሏን” አልኳቸው።

ማስተካከያውን ራሳቸው ቀስ ብለው አዞሩት። ከዚያ፣ “መላጣ ነው” አሉ። ጥቂት ቆይተው ደገሙት፤ “ደስታዬ፣ ነይ እዪው፣ መሀሉ መላጣ ነው።” እትዬ ደስታ ዓይናቸውን ማይክሮስኮፑ ላይ አድርገው ምንም እንዳልታያቸው ነገሩን፤ ግን ከማይክሮስኮፑ አልተነሡም።

ስሰናበታቸው ጋሽ ቱፋ ብልቃጡን ዘረጉልኝ። “ውሰጂው፤ አልጋ ሥር ምን ያደርግልኛል?”

“እኔ አልወስደውም። ሰናይት ራሷ መጥታ ትውሰድ።”

“እጅሽን አታምኚውም?”

“ዛሬ አላምነውም” አልኳቸው።

ማታ፣ እቤት

በታችኛው ጥርጊያ ወደ ፈረንሳይ ሰፈር ወርጄ ታክሲ ያዝኩ። እቤቴ ስገባ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ጫማዬን በር ላይ አውልቄ፣ ጭቃውን እንኳን ሳላራግፍ ሰናይት ጋ ደወልኩ። ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት፤ የላይኛውን፣ የታችኛውን፣ የወረቀቱን ጽሕፈት። ከዚያ የዋሸሁትንም ነገርኳት። እንዲገኝልሽ ሳይሆን እንዲፈርስብሽ ነበር የሄድኩት አልኳት።

“አውቃለሁ” አለችኝ።

“ምኑን?”

“እንደምትቀኚ። ጽሑፉን ያሳየሁሽ ቀን ፊትሽን አይቻለሁ። ሌላ ሰው ልልክ እችል ነበር፣ አልሚ። የሚወደኝ ሰው አንዴ አይቶ፣ ደስ ብሎት ይመለሳል። አንቺ ስህተት እስክታገኚ አትነሺም። አንቺ ፈልገሽ ያጣሽውን ስህተት መጽሔቱም አያገኘውም።”

መናደድ ጀመርኩ፤ የተጫወተችብኝ መሰለኝ። “ልትጠቀሚብኝ ነው የላክሽኝ?” አልኳት።

“አዎ” አለች። “ስምሽን ግን መጨረሻ ገጽ ላይ ያስቀመጥኩት ልክ አልነበረም። ሳደርገውም አውቄው ነው። እኔም ብቻዬን ያገኘሁት እንዲመስል ፈልጌ ነበር” አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት አብረን ጋሽ ቱፋ ዘንድ ለመሄድና የዝርያውን መግለጫ እንደገና ለመጻፍ ተቀጣጠርን፤ ከጋሽ ቱፋ ጋር የሦስታችን ስም እንዲገባበት።

ከዚህ ጉዞ ቅናቴን ጥዬ አልተመለስኩም። አንድ ቀን ዳገት በመውጣትና በመውረድ የሚለቅ ነገር አይደለም። “ዶክተር ሰናይት” ሲሏት ዛሬም እቀናለሁ፤ ምናልባት ጡረታ እስክወጣ እቀናለሁ። ያወቅኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ ቅናት እያለብኝም ዓይኔ በትክክል ማየት እንደሚችል ነው። ያን ቀን ዓይኔ አልዋሸኝም። የዋሸው አፌ ነው፤ እሱን ደግሞ መልሼ ዳገት አወጣሁት።